ቀዩ ቤት ሰማያዊ የነከረ ጊዜ

የአባቴ ደብዳቤ ሲመጣ በጓዳ ተከፍቶ አይነበብም ነበር። አያቴ ፖስታውን ሳትቀድ ወደ ጓሮ ይዛው ትወጣና፣ ሰም የሚቀልጥባቸው ምድጃዎች መሐል በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ለሴቶቹ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። ደብዳቤው የሁሉም ስለሆነ ነው። አባቴ እኛ ቤት የተሠራውን ባቲክ፣ በሰም እየተሣለ የሚነከረውን ጨርቅ፣ ተሸክሞ ባሕር ማዶ ሱማትራ ደሴት ውስጥ ከመንደር መንደር የሚዞር ነጋዴ ነበር፤ በየደብዳቤው የማን ጨርቅ ለማን እንደተሸጠ ይጽፋል። «ካሲናህ ወፎች የሣለችበትን ሽርጥ የአንድ መንደር ሹም ሚስት ወሰደችው፣ ለልጇ ሰርግ ነው» ብሎ ከጻፈ ካሲናህ ከሥራዋ ቀና ሳትል «ሴትዮዋ ዓይን አላት» ትላለች። ሌሎቹ ይስቃሉ። ጨርቋ ያልተሸጠላት ደግሞ ቀኑን ሙሉ አኩርፋ ትውላለች።

ከተማችን ላሰም በቀይ ነው የምትታወቀው። ደሴታችን ጃቫ ውስጥ ባቲክ የማይሠራበት አገር የለም፣ የዶሮ ደም የመሰለው ቀይ ግን የኛ ነው። የወንዛችን ውሃ ነው የሚያቀላው ይላሉ። አያቴ ይህን ስትሰማ ትስቃለች፤ ቀዩን ደጁን ዘግታ ብቻዋን ነበር የምትበጠብጠው። ሰዉ ቤታችንን የሚጠራው በቤተሰባችን ስም በቾዋ ሳይሆን «ቀዩ ቤት» እያለ ነው። እኛ ቻይናዎች ነን፣ እርግጥ ቻይናን በዓይኑ ያየ ሰው እኛ ቤት አልነበረም። እናቴ እኔን ስትወልድ ሞታ አያቴ አሳደገችኝ። ስዊ ነው ስሜ።

ያ ደብዳቤ ሲመጣ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ ዓለም በሙሉ ንግዱ የወደቀበት ጊዜ ነው፣ እኔ ግን ስለዚያ የማውቀው ነገር ቢኖር በቀን ሁለቴ የምንበላው ዓሣ አንዴ መሆኑን ብቻ ነበር። ደብዳቤው ዛሬም አለኝ። አንድ ጠርዙን ነፍሳት በልተውታል፣ የቀረው ይነበባል።

«እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ። እኔ ደኅና ነኝ። የጎማ ዋጋ ወድቋል። አምና የጎማ ዛፍ እየበጡ የሚኖሩት ገበሬዎች በየገበያው ቀን ገንዘባቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ዘንድሮ ዛፉን ለአረም ትተው ሩዝ ይዘራሉ። መርከቦቹ ጭነት ስለሌላቸው ወንዙ አፍ ላይ ቆመው ይውላሉ። የካሲናህን ወፎች የወሰደችው የሹም ሚስት ሽርጡን ከሣጥን አውጥታ መልሰህ ግዛኝ አለችኝ። እምቢ ስላት አለቀሰች፣ እኔም አፍሬ ወጣሁ። ከጃፓን በማሽን የታተመ ጨርቅ ገብቷል። ከኛ በጣም ርካሽ ስለሆነ ለሰርግ የሚገዛ ሁሉ እሱን ይገዛል። ለሐዘን ግን የማሽን ጨርቅ የሚደፍር የለም። እዚህ ያሉት የቻይና ቤቶች ሐዘን ሲቀመጡ ዛሬም በእጅ የተሠራ ሰማያዊ ይፈልጋሉ፣ የሚያመጣላቸው ግን አጥተዋል። ስለዚህ ቀዩን አቁሚና በነጭ ላይ ሰማያዊ ብቻ ላኪልኝ። ምን እየጠየቅኩሽ እንደሆነ አውቃለሁ።»

አሁን ሳነበው አንድ አገር ሲደኸይ ይታየኛል። የሹሙ ሚስት እንባ ይታየኛል፣ ጭነት ያጡት መርከቦች ይታዩኛል። ያን ቀን ግን የታየኝ የአያቴ ፊት ብቻ ነበር። «ቀዩን አቁሚ» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምጿ ጠፋ፤ የቀረውን ለራሷ አንብባ ጨረሰችና ከዚያ እንደገና ከፍ አድርጋ አነበበችው። አንዷ ሴት ሰሟን ረስታው ሽታው ግቢውን ሞላው።

ሰማያዊ በነጭ የሐዘን ልብስ ነው። እናት አባት የሞተበት ሰው ነው የሚለብሰው። ይህን የስድስት ዓመት ልጅም ታውቃለች። እኔ ያላወቅኩት የቤታችንን ደንብ ነበር፤ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ባሕር ማዶ እያለ እኛ ግቢ የሐዘን ጨርቅ አይነከርም። ሞትን አድራሻ ነግሮ መጥራት ነው ይባላል።

«እሜቴ» አለች ካሲናህ። ከሴቶቹ ሁሉ አሮጊቷ እሷ ስለነበረች አያቴን ደፍራ የምትናገር እሷ ብቻ ናት። «ሰውዬው ባሕር ማዶ እያለ?»

«ሰማሁ ካሲናህ።»

«እዚህ ቤት ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር…»

«ሰማሁ አልኩሽ። ቀዩን ቀጥዪ ብትዪኝ እቀጥላለሁ። ለእራት ቀይ ሽርጥ ቀቅለሽ ታበይናለሽ?»

«ሰማያዊውም ቢሆን ጨው ይፈልጋል» አለች ካሲናህ፤ ማንም አልሳቀም።

ከዚያ አያቴ ዞራ እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከምድጃው አጠገብ የጠነከረ ሰም በጥፍሬ እየፋቅኩ ነበርና ለዚያ የምትቆጣኝ መስሎኝ እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ። ለምን እንዳየችኝ ያወቅኩት አሥር ዓመት ሲሞላኝ ነው። እናቴ ሞታ እኔ የተወለድኩ ቀን የቤተ መቅደሱ ሽማግሌ የተወለድኩበትን ሰዓት ጠይቆ ጣቱን ሲቆጥር ቆየና «ይህች ልጅ ለወላጆቿ ከባድ ናት፣ ወላጅ አይቆይላትም» ብሎ ነበር። ከወላጆቼ የቀረው አንድ ነው፣ እሱም ባሕር ማዶ ነው፣ እሷ ደግሞ ሰማያዊ ልትነክር ነው። አያቴ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ መሸከም አልቻለችም።

በማግስቱ ጠዋት ጸጉሬን በዘይት ለጥፋ አበጠረችኝና ክንዴን ይዛ ወንዙ ዳር ወዳለው ቤተ መቅደስ ወሰደችኝ። እዚያ የምትቀመጠው የባሕር እናት ናት፤ መርከበኞች የሚለምኗት። ፊቷ ከዘመን ብዛት በጭስ ጠቁሯል። እፈራት ነበር። አያቴ የዕጣን እንጨቶቿን ለኩሳ ተንበረከከች፣ እኔንም ከጎኗ አንበረከከችኝ፤ ከዚያ የጨርቅ ዋጋ ስትከራከር በምታወጣው ድምፅ እንዲህ አለች፦

«ይህች ልጅ አባት የላትም። ሱማትራ ያለው ሰውዬ አጎቷ ነው። አባት የላትም።»

ቀጥላ በሹክሹክታ ብዙ ነገር ተናገረች። እሱን አልሰማሁም።

ከዚያ መልስ የሚጠየቅባቸውን ሁለት የእንጨት ቁራጮች አንስታ ጣለች። አንዱ በሆዱ ሌላው በጀርባው ከወደቀ እሺ ማለት ነው። ሁለቱም በጀርባቸው ወደቁ፤ ያ ማለት እናቲቱ ሳቀች ማለት ነው። አያቴ አንስታ ጣለች። አሁንም ሳቀች። አያቴ ከንፈሯን ነክሳ ደጋግማ ጣለች፣ እንጨቶቹ ወለሉን እየመቱ ሲንጫጩ ወለል የሚጠርገው ሰውዬ መጥረጊያውን ይዞ ቆሞ ያያት ነበር። በመጨረሻ አንዱ በሆዱ አንዱ በጀርባው ሆኑ። አያቴ ግንባሯን ወለሉ ላይ አድርጋ ቆየች።

ስንወጣ ደረጃው ላይ አስቆመችኝ። «አባትሽ የት ነው ቢሉሽ?»

«ሱማት…»

ክንዴን ጨመቀችው። «አባት የለኝም በይ።»

«አባት የለኝም።»

«ሱማትራ ያለውስ ማነው?»

«አጎቴ።»

«ጎበዝ። ቤትም ሆነ ደጅ፣ ማንም ይጠይቅሽ ማን፣ ይኸው ነው። ደብዳቤ ቢመጣም የአጎትሽ ነው። ገባሽ?»

ገብቶኛል አልኳት። በእርግጥም ገብቶኝ ነበር፤ ማለቴ አንድ ልጅ ሊገባው በሚችለው መንገድ። ደብዳቤ መጣ፣ አያቴ አንብባ ድምጿ ጠፋ፣ ግቢያችን የሐዘን ጨርቅ ሊነከርበት ነው፣ እኔን ደግሞ ቤተ መቅደስ ወስዳ አባት የላትም ብላ ለባሕር እናት ነገረች። አባቴ ሞቷል። ትልልቆቹ ደግሞ እንደ ልማዳቸው ደብቀውኛል። አጎቴ የሚባለው በኋላ ሸክሙን የተረከበ ወንድሙ መሆን አለበት። አያቴ መንገድ ላይ ኦቾሎኒ በስኳር ገዛችልኝና እያለቀስኩ በላሁት። የማለቅሰው ክንዴን ስላሳመመችኝ መስሏት «ይቅርታ፣ አጠበቅኩት መሰለኝ» አለችኝ። አያቴ ሰውን ይቅርታ ስትጠይቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የቀዩ ጋኖች ተደፉ። ከቦይ ወደ ወንዝ ሲወርድ ውሃው ቀልቶ ዋለ፣ የጎረቤት ልጆች በግ ታረደ እያሉ ይጨፍሩ ነበር። ከዚያ ሰማያዊው ተበጠበጠ። ሽታው የበሰበሰ ሣር ነው፣ እንደ ቀዩ አይወደድም። የሴቶቹ ክንድ እስከ ክርን ሰማያዊ ሆነ። ወፍና አበባ ሲሠሩ ያንጎራጉሩ የነበሩት አሁን ዝም ብለው ይሠራሉ፤ ለሐዘን የሚሠራ ጨርቅ ላይ ዘፈን አይዘፈንም። ወደ ማታ ጨርቆቹ በጓሮው ገመድ ላይ ተሰጥተው ነፋስ ሲያነሳሳቸው፣ በመካከላቸው ሰው የሚሄድ እየመሰለኝ ከኩሽናው ደጅ አልፌ አልወጣም ነበር። አባቴ ይሆን እያልኩ እግር እፈልጋለሁ፤ ከጨርቁ በታች የሚታይ እግር። የሚታየው የካሲናህ እግር ነበር፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም።

ማንም አላለቀሰለትም። ያ ነበር የሚያሳዝነኝ። እናንተ ካላለቀሳችሁ እኔ ላልቅስለት አልኩና ከተቆረጠ ጨርቅ ላይ ቁራጭ ሰማያዊ ወስጄ፣ ሐዘንተኞች ሲያደርጉ እንዳየሁት፣ እጅጌዬ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩት። አያቴ አየችው። ቀድዳ ምድጃ ውስጥ ጣለችው፣ ከዚያ በጥፊ መታችኝ፣ ከዚያ የመታችውን ጉንጬን በሁለት እጇ ያዘችው። «ማን አለሽ? ማን ይህን አድርጊ አለሽ?» ትለኛለች። እኔ ምስጢራቸውን ስለገለጥኩ ነው ብዬ አሰብኩ። ዛሬ እንደማውቀው አያቴ ያን ጊዜ የታያት ሌላ ነው፤ አንድ ልጇ ባሕር ማዶ እያለ የልጅ ልጇ ሐዘኑን ለብሳ ቆማለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት አጠገቧ ስተኛ እጇን አፌ ላይ አድርጋ ነበር የምታድረው፤ በእንቅልፌ እንኳ ስሙን እንዳልጠራ።

ጨርቁ ተሸጠ። ይህን መናገር አለብኝ፤ አባቴ ልክ ነበር። ያን ዓመትና የሚቀጥለውን ላሰም ውስጥ ብዙ ግቢዎች ምድጃቸው ጠፋ፣ ቻንቲንግ የሚባለውን የሰም ብዕር ሲይዙ የኖሩ ሴቶች ዓሣ ማድረቂያ ሜዳ ወረዱ። የኛ ሴቶች ግን አልተበተኑም። ሱማትራ ሐዘን በተቀመጠ ቁጥር እኛ ሩዝ እንበላለን። ካሲናህ ይህን ስታስበው ሳህኗን ገፋ አድርጋ ትቆይና፣ ከዚያ መልሳ ትስበው ነበር።

እሱ የመጣው በዝናብ ወቅት ነው። ከሬምባንግ ከተማ ከሚመጣው አውቶቡስ ወርዶ ጭቃውን እየረገጠ ገባ፤ ከስቷል፣ ቆዳው ከወባ መድኃኒት ብዛት ቢጫ ሆኗል፣ የፊት ጥርሱ አንዱ የለም፣ ጸጉሩ ተላጭቷል። በሩ ላይ ነበርኩ። እኔን ሲያይ ሻንጣውን ጭቃው ላይ ለቀቀና ቁጢጥ ብሎ እጆቹን ዘረጋ። አፉ ሊናገር ተከፍቷል።

«አጎትሽ መጣ» አለች አያቴ ከኋላዬ። ፈጥና፣ እሱን ቀድማ። «ስዊ፣ አጎትሽን እንኳን ደኅና መጣህ በይው።»

ሰውዬው ቀና ብሎ አያቴን አያት። ከዚያ ወደ ጓሮው፣ ወደ ሰማያዊው ጨርቅ አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። የተዘረጉት እጆቹ ቀስ ብለው ጉልበቱ ላይ ወረዱ።

«እንኳን ደኅና መጣህ አጎቴ» አልኩት።

«እንኳን ደኅና ቆየሽኝ» አለ። «አድገሻል የወንድሜ ልጅ።»

ዓይናፋር ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። አባቴን ይመስላል፣ ግን አባቴ ጥርስ ነበረው፣ አባቴ ወፍራምና ሳቂታ ነበር፣ አባቴ በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ የማየውና ትከሻው ላይ አውጥቶ የሚያስጨፍረኝ ሰው ነበር። ይኼኛው ትከሻው አጥንት ነው። ወንድማማቾች ስለሆኑ ይመሳሰላሉ አልኩ። ካሲናህ ያን ቀን ኩሽና ገብታ በሽርጧ ጫፍ ፊቷን ሸፍና ስትንሰቀሰቅ ሳገኛት፣ በመጨረሻ ለአባቴ የሚያለቅስለት ሰው ተገኘ ብዬ ደስ አለኝና አብሬያት አለቀስኩ።

አጎቴን ወደድኩት። የጨርቅ አስተጣጠፍ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ጥሩው ማዕዘን ከላይ እንዲሆን፣ ገዢ ሲገልጠው መጀመሪያ እሱን እንዲያይ። ከኔ ጋር ሲሆን ብዙ ያወራል፣ አያቴ ስትመጣ ዝም ይላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓሮ ውስጥ የደረቀውን ሽርጥ እኔ በአንድ ጫፍ እሱ በሌላው ይዘን ስናጥፍ፣ ያ ሁሉ ሰማያዊ ዙሪያችንን ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ድፍረት መጣልኝና ጠየቅኩት።

«አጎቴ፣ አባቴ እንዴት ነው የሞተው?»

ጨርቁ ከእጁ አልወደቀም። ማጠፉን ግን አቆመ። ወደ አያቴ ክፍል መስኮት አየ፤ መስኮቱ ክፍት ነበር።

«ማን ሞተ አለሽ?»

«ማንም አላለኝም። እኔ ነኝ ያወቅኩት። አያቴ እንዳትቆጣኝ፣ አትንገርብኝ።»

«አልናገርም።»

«አሞት ነው?»

«ትንሽ አሞት ነበር» አለ። «ብዙ መንገድ በእግሩ ሄደ። የጎማ ዛፎቹን ሐረግ ወርሷቸው መንገዱ ጠፍቶ ነበር። ያውቁት የነበሩ ሰዎች ደጅ ሲቆም እየተደበቁ የለንም ያስብሉት ነበር፣ መግዛት ስላቃታቸው አፍረው። ቀይ ሸክሙ አልቀልለው አለ። ደከመው።»

«እኔን ጠይቆ ነበር?»

«ሁልጊዜ።»

«ሙት ሆኖ ቢመጣ እኮ አልፈራውም» አልኩት። «ግን አያቴ ታባርረዋለች።»

አጎቴ ሳቀ። ጥርሱ የሌለበትን ቦታ በእጁ ሸፍኖ ነው የሳቀው። ሳቁ ግን አልቆምለት አለና ጀርባውን አዞረ፣ የታጠፈውንም ጨርቅ እንደገና ፈትቶ ብቻውን ማጠፍ ጀመረ። እኔ ደግሞ ስለ ወንድሙ ሳነሳበት አዝኖ ነው ብዬ፣ ከዚያ ወዲህ አባቴን ላላነሳበት ለራሴ ቃል ገባሁ። ቃሌንም ጠበቅኩ። ምን ያህል ደግነት እንደሠራሁለት አስቡት።

እውነቱን ያወቅኩት አያቴ ስትሞት ነው። አሥር ዓመቴ ነበር። ሬሳውን የሚያሰናዳው ሽማግሌ ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ የቀብሩን ደንብ ሲያወጣ፣ «ስንት ወንድ ልጅ ነው ያላት?» ብሎ ጠየቀ።

«አንድ» አለች ካሲናህ።

«ሌላ የሞተ?»

«በሕይወቷ አንድ ነው የወለደችው።»

ሽማግሌው «በል ና ወዲህ» አለና ወንድ ልጅ የሚይዘውን የዕጣን ማጨሻ ዘረጋ። ከተሰበሰበው ሰው መካከል የሐዘን ማቅ የለበሰ አንድ ወንድ ወጥቶ ማጨሻውን ተቀበለ። አጎቴ ነበር። እኔ ደግሞ ሌላ ሰው እስኪወጣ ጠበቅኩ። ማንም አልወጣም።

ሒሳቡን ለመሥራት ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም። ምድጃው ዳር ሄጄ ተቀመጥኩ፣ ካሲናህም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና የምታውቀውን ሁሉ ነገረችኝ። ስለተወለድኩበት ሰዓት፣ ስለ ቤቱ ደንብ። በዚያ ጠዋት አያቴ ለባሕር እናት በሹክሹክታ ያለችውንም አያቴ ራሷ ነግራት ነበር፦ «አንቺ እውነቱን ታውቂያለሽ፤ እኔ የምዋሸው ከጀርባሽ ቆሞ ለሚሰማው ሞት ነው። አባት ያላት መሆኑን ካላወቀ የሚፈልገውም የለም።»

ከቀብር ስንመለስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ማቁን ሲፈታ አገኘሁት። ደጁ ላይ ቆምኩ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ያላልኩት ቃል አፌ ውስጥ ትልቅ ሆኖብኝ ነበር።

«አባ…» አልኩ።

ቀና ሲል ፊቱ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ መግለጽ አልችልም። ከዚያ እጁን አነሳ፣ እንደሚያስቆመኝ።

«አጎትሽ ነኝ» አለ።

«አውቄያለሁ እኮ። ካሲናህ ነግራኛለች።»

«ማወቅሽ ጥሩ ነው። አትጥሪኝ ብቻ። እማዬ ቃል ሰጥታበታለች ስዊ። የሰጠ ሰው ነው የሚፈታው፣ እሷ ደግሞ ሄደች።»

«አንተ ይህን ታምናለህ?»

«እኔ እንጃ። አብረውኝ በመርከብ የሄዱት ነጋዴዎች ግማሾቹ እዚያው ቀርተዋል። እኔ ተመልሻለሁ። በምን እንደተመለስኩ ስለማላውቅ የትኛውን ክር ልምዘዝ? እናት የለሽም። እኔም ከሄድኩብሽ ማን ይይዝሻል?»

እያለቀስኩ ነበር፣ እሱም እንደዚያው።

«አጎቴ ስትዪኝ ምን ማለትሽ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ» አለ። «ይበቃኛል።»

ይበቃው እንደሆነ አላውቅም። እኔን አልበቃኝም። ግን ፈራሁ፤ ይህን በግልጽ ልናገር፣ ፊደል የቆጠርኩ ሴት ሆኜ፣ ባል አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ ልጆቼ አያታችን ማነው ሲሉኝ እየነገርኳቸው፣ ከአፌ ግን ቃሉን ማውጣት ፈራሁ። ጦርነት መጣ፣ ሄደ። መንግሥት ተለወጠ። ጎማ ተነሣ፣ ሰዎች ቀይ ፈለጉ፤ አያቴ ግን ቀዩን ለማንም ሳታሳይ ነበር የሞተችው፣ ቤታችንም ዳግመኛ ቀይ አልሆነም። እሱ ሰባ ዓመት አልፎት ኖረ። በየቀኑ ምሳ ሲደርስ ጓሮ ወጥቼ «አጎቴ» እለዋለሁ፤ የትም ይሁን «መጣሁ» ይላል። አንዳንዴ «መጣሁ» ብሎ ትንሽ ይቆያል፣ የምጨምረው ነገር እንዳለ እንደሚጠብቅ ሰው። ከዚያ ይመጣል።

የሞተው በደረቁ ወራት ነው፣ እንቅልፍ ላይ። መቃብራችን ከወንዙ ማዶ ነው። የኛ ሰው ሬሳ ድልድይ ላይ ሲደርስ ሣጥኑ ይቆምና የሟቹ ልጅ ጮክ ብላ ጠርታ እየተሻገሩ መሆኑን ትነግረዋለች። ሙታን ውሃ ይፈራሉ፤ ካልተነገራቸው ሬሳው ይሻገርና ነፍሳቸው ከወዲህ ዳር ትቀራለች። ከኔ በቀር ልጅ አልነበረውም። ተሸካሚዎቹ ቆሙ። ሰዉ ጠበቀኝ።

አሁን ምን ይፈራል? ሞት መጥቶ የሚወስደውን ወስዷል። ከእንግዲህ ቃሉን ብናገረው የሚጎዳ ሰው የለም። ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩትን አፌን ሞልቼ አወጣሁት።

«አባዬ» አልኩ። «አባዬ፣ ድልድይ ነው፣ እየተሻገርን ነው።»

ድምፄ ውሃው ላይ ሄዶ ጠፋ። ካሰብኩት በላይ ቀጭን ነበር፣ የሕፃን ልጅ ድምፅ። ተሸካሚዎቹ እግራቸውን አነሱ፣ እኔም አንድ እርምጃ ሄድኩ፤ ከዚያ ድንጋጤ መታኝ። ይህ ሰው በዚህ ስም ከተጠራ ስንት ዘመኑ ነው? ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ቢቀርስ? ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የማን አባት እንደተጠራ እያሰበ ቢቀርስ?

«ቁሙ» አልኳቸው። ቆሙ።

ወደ ሣጥኑ ተጠጋሁና እጄን እንጨቱ ላይ አደረግኩ። መጮህ አላስፈለገኝም፤ ለምሳ እንደምጠራው ነው የጠራሁት።

«አጎቴ» አልኩት፣ «ና እንሂድ።»

ትንሽ ጠበቅኩት። ከዚያ ተሻገርን።